ቀለም ቆጠራ

አቶቴ መንገድ ዳር፣ ከባጃጅ መቆሚያው ጎን፣
ሁለት በሦስት ክፍል፣ አንድ አሮጌ ማሽን፤
እኔ ነኝ ባለቤት፣
አሥረኛን ሳልጨርስ የወጣሁ ከትምህርት ቤት፣
የሰው ዲግሪ አባዝቼ የምበላ፣ ገጹን በብር አምስት።

ሱቁን ስከፍት ይህ መንገድ አስፋልት ያልለበሰ ጠጠር፣
የማባዛው ወረቀት አብዛኛው ማመልከቻ ነበር፤
ግርጌው ላይ ፊርማ የለም፣
አውራ ጣት ብቻ፣ የደረቀ ሰማያዊ ቀለም፤
መስመሩ የተጨማለቀ፣
ጎኑ ላይ «የእገሌ ነው» ተብሎ በሌላ ሰው እጅ የጸደቀ።

ከዚያ ቀስ እያለ፣ ሐይቁ በክረምት እንደሚሞላ፣
ወረቀቱ ተለወጠ፤ የስምንተኛ ካርድ መጣ፣ ከዚያ ኋላ
የአሥራ ሁለተኛ፣ የሙያ ማረጋገጫ፣ ከዚያ ዲግሪ፣
ከዚያ ማስተርስ፤ እኔ ብቻ ከስም ጥሪው ቀሪ።

አንድ ቤተሰብ አለ፣ በዚህ መስታወት ላይ በሦስት ትውልድ ያለፈ፦
አያት በአሻራው፤ አባት በጎባጣ ፊደል፣ የስሙን ግማሽ እየገደፈ፤
የልጅ ልጂቱ ፊርማ
እንደ አምባዛ ጅራት የተወራጨ፣ ላንብበው ብል ጨለማ።

እሑድ እሑድ ከፓርኩ የሚመጡ ልጆች አሉ፤
ሳምንቱን ሙሉ ሰፍተው፣ ጣታቸውን መርፌ ወግቶት፣ ሞጁል ያባዛሉ፤
ሦስቱ አንድ መጽሐፍ ተካፍለው፣ ምዕራፍ ለምዕራፍ፤
አንዷ እንደቆመች ታንቀላፋለች፣ የፊቷ ሰው ተራ እስኪያልፍ።

ግን አላጋንንም፤
ወረቀት ስለበዛ ሥራ አብሮት አይበዛም።
ስታትስቲክስ የተመረቀ ልጅ አለ፣ ላታሞ፣
ዲግሪውን አርባ አንድ ጊዜ አባዝቼለት፣ ዛሬ ባጃጁን ከደጄ አቁሞ
«ፒያሳ! ፒያሳ!» ይላል። «ዕድሌን በመቶኛ ላስላልህ?» ይለኛል ሲቀልድ፤
አልስቅለትም። አንዷን ኮፒ አስቀምጬለታለሁ፣ ስንቅ ትሆነው እንደሁ ለመንገድ።

ባለፈው ሐምሌ፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣
አቶ ቃሚሶ መጡ ከአሞራ ገደል፣ መዳፋቸው የሻከረ በመረብ፤
ውል ይዘዋል፣ ስድስት ገጽ፣ ጫፉ በውኃ የራሰ፤
«አራት አባዛልኝ» አሉ፤ «የዓሣ ማቀዝቀዣው ብድር ደረሰ፤
ማኅበርተኛው ነገ ጣቱን ያሳርፋል።»
ማሽኑ ያጓራል፣ ያስላል፣ ወረቀት ይተፋል፤
የሚተፋውን ልጃቸው ፍሬሕይወት ትቀበላለች፤
አካውንቲንግ ሁለተኛ ዓመት ናት፤ ስትደረድር ድንገት ቆመች።
«ነጥቧ የት አለች?»

ማሽኔን ጠረጠርኩ። መስታወቱን ወለወልኩት፤
ደግሜ አተምኩት።
የለችም። ዋናውም ላይ የለችም። በወር አንድ ነጥብ አምስት
የተባለው ወለድ፣ አሥራ አምስት ሆኖ አድፍጧል፣ እንደ መንጠቆ በትል ውስጥ።

አቶ ቃሚሶ አውራ ጣታቸውን አገላብጠው አዩት፣ ዝም ብለው፣
ከዚህ በፊት በስንት ውል ላይ አርፎ እንደሁ ሊጠይቁት ፈልገው።

አበዳሪው «የትየባ ስሕተት ነው» አለ። ይሁን፤ ይሆናል።
ጣት ግን ትየባ አያነብም፤ ያርፋል።

ዛሬ ዓሣው እስከ ማታ አይበላሽም፤ በረዶ ላይ ይተኛል፤
አባ ኮዳዎቹ አኩርፈዋል።
ላታሞ ጠዋት ጠዋት የማኅበሩን መዝገብ ይይዛል፤
ደሞዝ ገና ነው፤ ለጊዜው በቆሮሶ ይከፈለዋል።

በሬዲዮ ስለ ሀገር ዕድገት በመቶኛ ሲያወሩ እሰማለሁ፤
ቁጥሩ አይገባኝም፤ እኔ ነጥቧን አይቻታለሁ።

ትናንት ማታ በሩን ግማሽ ዘግቼ፣
የዘጠነኛ ካርዴን ከሣጥን ሥር ፈልጌ አውጥቼ
መስታወቱ ላይ አስተኛሁት። አንድ ኮፒ፣ ለራሴ፣ በነጻ።
ገርጥቶ ወጣ፤ ስሜ የሳሳ።
ቀይ መብራቱ በራ፤ ቀለም ጨምር ማለቱ ነው።
«አውቃለሁ» አልኩት። የማታው ክፍል ምዝገባ እስከ ዓርብ ነው።